ለአሥራ አንድ ወር የጠፋው ሃምሳ አለቃ

ጋሽ ቢራራ ማረፉን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። የደወለችልኝ እህቱ ትርንጎ ነበረች። በማጸዳበት የጥርስ ክሊኒክ ስልክ ማንሳት ስለማይፈቀድ የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ገብቼ በሹክሹክታ "አቤት እህቴ" አልኳት። "ወንድሜን ቀበርነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን በደንብ አልሰማሁም። ስወጣ ፊሊፒናዊቷ ተቆጣጣሪያችን ፊቴን አየችና ማን ሞተብሽ አለችኝ። አባቴ እንዳልላት አባቴ አይደለም፤ ወንድሜ እንዳልላት ወንድሜ አይደለም። "ድሮ የምኖርበት ሕንጻ ዘበኛ" አልኳት። ለሕንጻ ዘበኛ እንዲህ የሚለቀስ አልመሰላትም መሰለኝ፣ ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሕንጻው ሪያድ፣ ጀራዲያ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ኩባንያችን ሦስተኛውን ፎቅ ለሠራተኞቹ ተከራይቶ ስድስት ሐበሾች በሁለት ክፍል እንኖር ነበር። ከላይና ከታች ግብጾችና የመኖች ከነቤተሰባቸው አሉ። ጋሽ ቢራራ የሕንጻው ሃሪስ ነው። ሃሪስ ማለት እዚህ ዘበኛ ብቻ አይደለም፤ ደረጃ ያጥባል፣ አምፖል ይቀይራል፣ የውሃ ሞተር ያስነሳል፣ የገባ የወጣውን ያያል። የሚያድረው ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ነበር። ረጅም ስለነበረ ሲገባም ሲወጣም አንገቱን ይሰብራል። ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ የደንበጫ ሰው ነው። ሌሎቹ ሃሪሶች በጀለቢያ ሲውሉ እሱ ሱሪውን ተኩሶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቆማል። የሪያድን የሐምሌ ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ፎቆቹን ሻምበል እያለ ነበር የሚጠራቸው። እኛ ሦስተኛ ሻምበል ነን። የኩባንያው አውቶቡስ ማምሻውን ሲያወርደን በር ላይ ቆሞ በዓይኑ ይቆጥረናል። "ሦስተኛ ሻምበል፣ ስድስት። የጎደለ የለም" ብሎ መንገድ ይለቅልናል። መጀመሪያ ሰሞን ያናድደኝ ነበር።

"ጋሼ፣ እኛ እኮ ወታደር አይደለንም" አልኩት አንድ ቀን።

"ታዲያ ወታደር ያልሆነ ሰው አይቆጠርም?" አለኝ።

የታሪኩን ጫፍ ያገኘሁት በአንድ ባልዲ ምክንያት ነው። ከየመስኮቱ ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ እያጠራቀመ፣ በሩ አጥር ሥር በቆርቆሮ ጣሳ የተከላትን አንድ እግር ቃሪያ ያጠጣል። አንድ ዓርብ ዕረፍት ላይ ሆኜ ሳየው፣ እጁን ከጠብታው ሥር ዘርግቶ "ይቺ የላይቤሪያ ዝናብ ናት" አለ።

"አንተን ከላይቤሪያ ምን አገናኘህ?"

"አሥራ አንድ ወር ዘብ ቆሜበታለሁ" አለኝ። "ወረቀቴ ግን እዚያ አልሄደም፣ ከክፍሉ ጠፍቶ ነበር ነው የሚለው።" ከዚያም እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ "ማመልከቻ መጻፍ ታውቃለች ይሉሻል። እውነት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

እውነት ነው። እኔ አገሬ ላይ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ስጽፍ አንድ ስህተት ተገኝቶብኝ አያውቅም እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራለሁ። መጥረጊያ የያዘ ሰው ድሮ ሌላ ነገር እንደነበረ ሰው እንዲያውቅለት ይፈልጋል፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። "በዚህ እጅ ስንት ፍርድ ተጽፏል" አልኩት ጣቶቼን እያሳየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ቀርቶ "ጸሐፊ" ሆንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ቢራራ ሃምሳ አለቃ ሳለ፣ ለሰላም ማስከበር ወደ ላይቤሪያ የሚሄድ ሌላ ሻለቃ ጦር መነሻው ሲደርስ አንድ ሰው በወባ ይወድቅበታል። እሱ በአንድ ቀን ትእዛዝ በዚያ ሰው ቦታ ተተክቶ ሄደ። የዝውውሩ ደብዳቤ ለቀድሞ ክፍሉ አልደረሰም። እዚያ የነበረው ጸሐፊ ጠዋት ስም ሲጠራ አቤት የሚል ሲያጣ "ጠፋ" ብሎ ጻፈ። እዚያ ማዶ ሰውየው በዝናብ ውስጥ አንድ ድልድይ ይጠብቃል፤ አገሩ መዝገብ ላይ ግን ከድቶ ጠፍቷል። ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ ከሠራዊቱ ሲሰናበት ማስረጃውን በታሸገ ፖስታ ሰጡት። ከፍቶ አላየውም።

"እንዴት አላየኸውም?" አልኩት።

"የታሸገ ነገር አይከፈትም ተብለን ነው ያደግነው" አለኝ። እንደዚያው እንደታሸገ ደንበጫ ወስዶ ለአባቱ ለአቶ ምንይችል ሰጣቸው።

አቶ ምንይችል ፊደል አልቆጠሩም፤ ማኅተም ግን ያከብራሉ። ጎረቤት ጠርተው፣ ጠላ አስቀድተው፣ የቀበሌውን ጸሐፊ አስመጥተው ደጃቸው ላይ አስነበቡት። ጸሐፊው የልጃቸውን ስምና ማዕረግ፣ የገባበትን ዓመት እያነበበ ሄዶ ሄዶ፣ "ለአሥራ አንድ ወር ከክፍሉ ጠፍቶ የቆየ" የሚለው ላይ ደረሰ። አባትየው ተነስተው ቤት ገቡ። ጋሽ ቢራራ ተከትሎ ገብቶ ሜዳሊያውንና በፈረንጅኛ የተጻፈውን ሰርተፍኬት ቢያሳያቸው በእጃቸው እንኳ አልነኩትም። "የኛ ማኅተም ጠፍቷል ብሏል። ያው ማኅተም አልጠፋም ይበል፤ ያን ጊዜ ልጄ ነህ" አሉት። እሱም ቢሮ ለቢሮ ተመላልሶ ሲደክመው ሥራ ፍለጋ ወደዚህ መጣ። አባቱ ስልክ ላይ አይቀርቡለትም። የሳቸውን ደህንነት የሚሰማው አዲስ አበባ ካለችው ከእህቱ ከትርንጎ ነው።

"ገንዘብ አልፈልግም" አለኝ። "ማዕረግም አልፈልግም። ጠፋ የሚለው ተሰርዞ፣ ላይቤሪያ ነበር ይባልልኝ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ይነበብላቸው።"

ማመልከቻውን የጻፍነው በፈረንጆቹ በ2013 የበጋው ሙቀት ላይ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነው። እኔ ከአገሬ ያመጣኋትን አሮጌ ላፕቶፕ ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ፤ እሱ ቆሞ ያዳምጣል። ሲነበብለት ተቀምጦ አይሰማም ነበር። መቼም የፍርድ ቤት ሰው ስሆን ማሳመር እወዳለሁና፣ "ሕይወቴን ለመሥዋዕትነት አቅርቤ በእሳት መካከል የተፋለምኩ" ብዬ ጻፍኩለት። አነበብኩለት።

"ማነው እሱ?" አለኝ።

"አንተ ነሃ።"

"እኔ አልተፋለምኩም። ድልድይ ነው የጠበቅኩ። ሰው ሲያልፍ አሳለፍኩ፣ መሣሪያ የያዘ ሲመጣ አቆምኩ። አንድ ጥይት አልተኮስኩም። በልኩ ጻፊው።"

"በልኩ ከጻፍኩት ማን ያዝንልሃል?"

"እንዲታዘንልኝ አይደለም። እንዲታረም ነው።"

አጠፋሁት። እሱ የሚለኝን፣ እሱ በሚለው ልክ ጻፍኩ። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም። ዓመተ ምሕረቱን ከሰርተፍኬቱ ላይ ገልብጬ ጨረስኩና ጉበይራ ሰፈር ካለው የመናዊ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምነው። ከሕንጻችን ወደ አገር የምትሄድ ልጅ ይዛው ሄደች፤ ትርንጎ ተቀብላ የሠራዊቱ መዝገብ ቤት አስገባችው።

ከዚያ ያ ኅዳር መጣ። ወረቀት ለሌለው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አለቀ ተባለ፤ ፍተሻው ተጀመረ፤ መንፉሃ ሰፈር በሐበሾች ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ እዚህ አልደግመውም። ከስድስታችን የሁለቱ ልጆች ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ በሌላ ከፊል፣ በሌላ አሠሪ ስም ነበርና እጃቸውን ሰጥተው በተርሂል፣ በተመላሾች ማቆያው፣ በኩል አገር ለመግባት ወሰኑ። ሻንጣቸውን እስከ አውቶቡሱ የተሸከመላቸው ጋሽ ቢራራ ነው።

"ጋሼ፣ ያላ፣ አንተም ና። በነጻ አውሮፕላን አገርህ ትገባለህ" አለችው አንደኛዋ እያለቀሰች።

"እኔማ ወረቀት እየጠበቅኩ ነው እህቴ" አላት። "ጠፍቶ ነበር ተብዬ፣ ደግሞ ተይዞ መጣ ልባል?"

ያን ዕለት ማታ ከሥራ ስንመለስ እንደ ወትሮው በር ላይ ቆሞ ነበር። "ሦስተኛ ሻምበል፣ አራት" አለ። የጎደለ የለም የሚለውን ሊጨምር አፉን ከፈተና ተወው። መንገዱን ለቀቀልን። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ቁጥሩን ብቻ ነበር የሚናገረው።

መልሱ የመጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2014 መጨረሻ፣ የገና ጾም ውስጥ ነው። ትርንጎ ፎቶውን አንስታ በስልክ ላከችልን። "አመልካቹ በጠቀሱት ዓመት ከሠራዊቱ ተሰናብተው የነበሩ በመሆኑ ጥያቄያቸውን አልተቀበልነውም" ይላል። እኔ ተናደድኩ። ፋይሉን ሳይከፍቱ ነው የጻፉት፣ ሰው አይሰሙም፣ ብዬ ብዙ አወራሁ። እሱ ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት። "እሺ" ብሎ ባልዲውን አንስቶ ሄደ። ለብዙ ጊዜ ስለ ወረቀቱ አላነሳብኝም።

በግንቦት ፓስፖርቴን ላሳድስ ኤምባሲ ሄጄ ቅጽ እሞላለሁ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ቅጹን አየችና "ይኼ የልደት ቀን በማን አቆጣጠር ነው?" አለችኝ። እዚህ አገር ሦስት ዘመን ይዘን ነው የምንኖረው፤ ኢቃማችን በሂጅራ፣ ስልካችን በፈረንጅ፣ ጾማችን በእኛው። "በእኛው ነው" ልላት አፌን ከፍቼ ቅጹን መልሼ ሳብኩት። የጋሽ ቢራራ ሰርተፍኬት ላይ ያለው 2004 የፈረንጆቹ ነው። እኔ ግን ጣቴ በለመደው "በ2004 ዓ.ም." ብዬ ነው የጻፍኩት። በእኛ በ2004 እሱ ጀራዲያ ውስጥ ደረጃ ያጥብ ነበር። መዝገብ ቤቱ ያለው እውነት ነው። ያ ሁሉ ጊዜ የተቃጠለው በእኔ፣ ሰባት ዓመት ስህተት ተገኝቶብኝ በማያውቀው፣ እጅ ነው።

ከወረፋው ወጥቼ በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ። መሰላል ላይ ሆኖ አምፖል ይቀይራል። ከታች ሆኜ ነገርኩት፤ እያለቀስኩ ነው የነገርኩት። ከመሰላሉ አልወረደም፤ አምፖሉን አዙሮ አዙሮ ጨረሰና መብራቱ በራ። ከዚያ ወረደ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ያኔ አላወቅኩትም ነበር፤ ቁጣ ግን አልነበረም።

"ታዲያ አሁን ማረም ይቻላል?" አለኝ።

"ይቻላል። በአንድ ቀን እጽፈዋለሁ።"

"በይ ጻፊው። አሁንም በልኩ።"

ሌላ ምንም አላለኝም። አንዴ እንኳ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ አዲሱን ማመልከቻ ጽፌ፣ ዓመቱን ወደ እኛው መልሼ፣ ከጎኑም የፈረንጁን አቆጣጠር በግልጽ አስቀምጬ፣ አሥር ጊዜ አንብቤ ላክነው። ይህንንም ጥበቃ ጀመርን። በዚያ ጥበቃ ውስጥ ነው በደንብ የተዋወቅነው። ዓርብ ዓርብ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ያወራኛል። የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ስለሚሻግትበት አገር፣ እሱ በቆመበት ድልድይ በየቀኑ ጠዋት አናናስ ተሸክማ ስለምታልፍ አሮጊት፣ ቋንቋ ስለማይግባቡ በእጅ ብቻ ሰላምታ ስለሚለዋወጡት። "ደህና ዋልሽ ብያት አላውቅም፤ ግን ደህና መዋሏን ሳላይ አልዋልኩም" ይለኝ ነበር። ያን ወሬውን አሁን እንዴት እንደሚናፍቀኝ መናገር አልችልም። ሰው ከማዳመጥ በላይ የምወደው ነገር አልነበረም፤ እንደሱ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያወራ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ከፊሉ፣ አቡ ፈሃድ የሚሉት የሕንጻው ባለቤት፣ ይወደው ነበር። ጋሽ ቢራራ በኋላ ኽሩጅ፣ ጨርሶ የመውጫ ቪዛ፣ ሲጠይቀው ሽማግሌው ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎታል። "ምን አጎደልኩብህ?" ብሎ ጠየቀው ይባላል። "አንተ አላጎደልክም፤ እኔ ነኝ አገሬ ላይ የጎደልኩት" ብሎ መለሰለት። በሦስተኛው ኸላስ አለና ፈረመለት። በ2016 መጋቢት ላይ ሄደ። በማግስቱ አውቶቡሱ ሲያወርደን በሩ ላይ አንድ ባንግላዴሻዊ ወንበር አውጥቶ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ማንም ሳይቆጥረን ገባን። እኔ ያን ሌሊት ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ከዚያ ሕንጻ ለቅቄ ከወጣሁ በኋላም በአውቶቡስ ሳልፍ ዓይኔ ወደዚያ በር ይሄዳል። ማንም እንደማይቆምበት እያወቅኩ።

ከመሄዱ በፊት የሆነውን ነው ግን መናገር የምፈልገው። ወረቀቱ የመጣው በዚያው ዓመት በጥር ነው። ትርንጎ በሰው እጅ ዋናውን ላከችው። ዓርብ ቀን ነበር። ጋሽ ቢራራ ሸሚዙን ቆልፎ፣ ከደረጃው ሥር ከክፍሉ ደጃፍ ቆመ። ፖስታውን ራሱ አልከፈተውም፤ እኔ ከፈትኩት። ማኅተሙን አሳየሁትና አነበብኩለት። "ለአሥራ አንድ ወር ከክፍሉ ጠፍቶ የቆየ የሚለው ተሰርዞ፣ በተጠቀሰው ጊዜ በላይቤሪያ በሰላም ማስከበር ግዳጅ ላይ የነበሩ መሆናቸው ታርሞ ተመዝግቧል" ይላል። እልል አልኩ። ብቻዬን እልል ብዬ፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

"አሁኑኑ ለትርንጎ እንደውልላት፣ ቅጂውን ይዛ ደንበጫ ትሂድ" አልኩት። "አባትህ ኢንሻአላህ በዚህ ሳምንት ይሰሙታል።"

"አባቴማ አርፈዋል" አለኝ።

"መቼ?"

"ዓምና፣ ሁዳዴ መያዣ ላይ።"

እዚያው ቆሜ ቆጠርኩ። ያ እምቢታ የመጣው በገና ጾም። አባትየው ያረፉት ሁለት ወር ቆይቶ። እኔ ስህተቴን ይዤ መሰላሉ ሥር የቆምኩት በግንቦት። ያኔ ጺሙ አድጎ ነበር፤ ሰንብቶ ሳይላጭ ሲቀር "ጋሼ፣ ሼኽ ልትሆን ነው እንዴ?" ብዬ ቀልጄበት ነበር፤ ስቆ አልፎኝ ነበር። ሐዘን ላይ ነበር ለካ። የመጀመሪያውን በትክክል ጽፌው ቢሆን ኖሮ ይህ ወረቀት በዚያ ገና ጾም ይደርስ ነበር። አቶ ምንይችል ይሰሙት ነበር። ልጄ ነህ ይሉት ነበር።

"እኔ ስነግርህ... ያኔ አርፈው ነበር?"

"አርፈው ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ እጅሽ ሁለተኛውን ይጽፈው ነበር?" አለኝ።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም አይዞሽ አላለኝም፤ ባልተጎዳሁበት አላጽናናኝም፣ በተጎዳበትም አልወቀሰኝም። ለቅሶዬን እስክጨርስ ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከወደቀበት አንስቶ አቧራውን አራገፈና መልሶ እጄ ላይ አደረገው።

"ጸሐፊ፣ ተነሺ። እንደገና አንብቢው። ከላይ፣ ከቁጥሩ ጀምሪ።"

"ለማን?" አልኩት።

"ለሳቸው" አለኝ። "ጮክ በይ። ጆሯቸው ይከብዳል።"

ተነሳሁ። ከቁጥሩ፣ ከቀኑ ጀመርኩ። ድምፄ በደረጃው ወደ ላይ ሲወጣ በሁለተኛው ፎቅ አንድ በር ተከፈተ፤ አንዲት ግብጻዊት ብቅ ብላ አየችንና ምን እንደሆነ ሳይገባት ቆመች። ጋሽ ቢራራ እጆቹን ከጎንና ከጎን ሱሪው ስፌት ላይ አድርጎ፣ አንገቱን አቅንቶ ቆሟል። ላይቤሪያ የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

"ጮክ" አለኝ። እኔም ጮክ ብዬ እስከ ማኅተሙ ድረስ አነበብኩላቸው።